ሞተር ያለው ሞረድ በፈረስ ሰኮናና ጥርስ ላይ

የፈረስ ሰኮና ማስተካከልና ጥርሱን መሞረድ ለረጅም ዘመን የእጅ ሥራ ብቻ ነበር። የሚያስፈልገው ቢላ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ጠንካራ ክንድና ትዕግሥት ነው። ዛሬ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሰኮና ባለሙያው ግራይንደር፣ የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ በባትሪ የሚሽከረከር መሞረጃ ይዞ በረት መግባቱ የተለመደ ሆኗል። ሥራውን በቪዲዮ ያየ የእኛ አገር ባለፈረስም «ብረት ቤት ያለው ግራይንደር ለእኔስ ፈረስ አይሆንም?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። ለሰኮና፣ ሥራውን በእጅ ሞረድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በጥንቃቄ ሊጠቀምበት ይችላል። ለጥርስ ግን የብረት ቤቱ ግራይንደር ፈጽሞ አይሆንም፤ ለአፍ ተብሎ የተሠራው ማሽንም ቢሆን ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ መውጣት የለበትም። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለመረዳት ሁለቱ አካላት እንዴት እንደሚያድጉ ማየት ይበቃል።

ሰኮና ይተካል፣ ጥርስ የተሰፈረ ነው

የሰኮና ግድግዳ የተሠራው ኬራቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ የእኛም ጥፍር የሚሠራው ከዚሁ ነው። ቆዳና ሰኮና ከሚገናኙበት መስመር ተነሥቶ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ታች ያድጋል። የፊተኛው የሰኮና ክፍል ከላይ እስከ መሬት ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጅበታል። አንድ ሰው ተሳስቶ ሰኮናውን ከልኩ በላይ ቢያሳጥረው ፈረሱ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ያነክስ ይሆናል፤ የተቆረጠው ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ነው። ቢያደክምም ይለቀማል።

የጥርሱ ነገር ሌላ ነው። ከመንጋጋ ጥርሱ ከድድ በላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው። በወጣት ፈረስ አጠቃላይ ርዝመቱ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አብዛኛው ግን በአጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ፈረሱ ሣርና ገለባ ሲያኝክ የጥርሱ ገጽ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ በዚያው ልክ የተቀበረው ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል። ከላይ ሲታይ ጥርሱ የሚያድግ ይመስላል። እውነቱ ግን እርሳስ በተቀረጸ ቁጥር እንደሚያጥር ሁሉ ጥርሱም ከተሰጠው ርዝመት ላይ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ዕድሜው 25 ወይም 30 ዓመት የደረሰ ፈረስ ጥርሱ አልቆ ማኘክ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ለአንድ ፈረስ የአንድ ዓመት ቀለብ ማኘኪያ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ይህንኑ 3 ሚሊ ሜትር በደቂቃዎች ውስጥ ሊያነሣው ይችላል። በሰኮና ላይ የተፈጸመ ስሕተት በወራት ይጠገናል፤ ጥርስ ላይ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ግራይንደር በሰኮና ላይ

ጫማ የማይደረግለት ፈረስ ሰኮናው ብዙውን ጊዜ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይስተካከላል። በበጋ ሰኮናው ደርቆ እንደ ቀንድ ሲጠነክር በእጅ ሞረድ አራቱንም እግር መጨረስ ወገብና ትከሻ ይፈጃል። ባለሙያዎች ወደ ማሽን የዞሩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። አብዛኞቹ የሚይዙት ዲስኩ 115 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትንሹን ግራይንደር ነው፤ ገመድ እግር ሥር እንዳይጠላለፍ በባትሪ የሚሠራውን ይመርጣሉ። የሚገጥሙለት ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ቁርጥራጮች ተደራርበው የተለጠፉበትን ዲስክ ወይም ለሰኮና ተብሎ የተሠራ ጥርሳም ዲስክ ነው። ለብረት መቁረጫ የሚሆነው ስስ ዲስክ ለዚህ ሥራ አይገባም። ከጎን ጫና ሲመጣበት ይሰበራል፤ ስባሪውም ዓይንና ፊት ላይ ይወነጨፋል።

በደንብ የሚሠራ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰኮናውን ከጭቃ፣ ከፋንድያና ከጠጠር በመንጠቆ ያጸዳዋል። ቀጥሎ በሰኮና ቢላ የሞተውንና የሚፈረፈረውን ክፍል ያነሣል፤ ትርፉን ርዝመት በጉጠት ይቆርጣል። ግራይንደሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለማለስለስና ለማስተካከል ብቻ ነው። የፈረሱ እግር በማስቀመጫ ላይ ይውላል፤ የሠራተኛው ሁለት እጆች ከማሽኑ አይለዩም። ረዳቱ የፈረሱን ገመድ ይዞ ሠራተኛው በቆመበት ጎን ይቆማል። ማሽኑ የሚነሣው ከፈረሱ ራቅ ብሎ ነው። ዲስኩ እየተሽከረከረ መጥቶ ሰኮናውን ይዳስሳል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል፤ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ በኋላ ማሽኑ ይጠፋል፤ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ሰኮናውን ከፊትና ከጎን ያያል፤ በመዳፉም ይዳስሰዋል። መዳፉ ሙቀት ካገኘ ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ቆይቷል ወይም ደንዝዟል ማለት ነው።

ማሽኑ የሚነካው የሰኮናውን ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ ውጭ የተንጋደደውንና ታችኛውን ጠርዝ። መሬት የሚረግጠው የሰኮና ወለል፣ በመሃሉ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል፣ ተረከዙና ላይኛው የቆዳና የሰኮና መገናኛ መስመር አይነኩም። በብዙ ፈረሶች ወለሉ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከሥሩ ደምና ነርቭ የበዛበት ሥጋ፣ ከዚያም አጥንት አለ። ወለሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ካለ ወይም ሐምራዊ መልክ ካሳየ ሥራው እዚያው ይቁም። በእጅ ሞረድ እዚህ ለመድረስ ብዙ መግፋትና መሳብ ይጠይቃል፤ ባለሙያው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። በግራይንደር የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

የሠራተኛው ደኅንነት

115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሄዳል። ይህን የያዘ ሰው አጠገቡ ያለው ደግሞ በደነገጠ ጊዜ የሚራገጥ እንስሳ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ለድርድር አይቀርቡም።

የዲስኩ መከላከያ ሽፋን አይወልቅም። በየብረት ቤቱ ትልቅ ዲስክ ለመግጠም ሲባል ሽፋኑን አውልቆ መሥራት ይታያል፤ በፈረስ አጠገብ ይህ የሚያስከትለው አደጋ እጥፍ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። የተሰነጠቀ ዲስክ ይጣላል።

የፈረሱ ጭራ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ዲስክ ከያዘው ቆዳውንም ይዞ ይሄዳልና። የሠራተኛው ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ማሰሪያ ሁሉ ይወልቃል። ዓይን በመነጽር፣ ጆሮ በመከላከያ፣ አፍንጫና አፍ ደቃቅ አቧራ በሚያስቀር ጭንብል ይሸፈናሉ። የሰኮና ብናኝ በጣም የላመ ነው፤ ቆሻሻና ሻጋታም አብሮት ይነሣል። ጫማ የተደረገለት ፈረስ ከሆነ ብረቱ የእሳት ብልጭታ ይረጫል፤ ስለዚህ ጭድና ድርቆሽ አጠገብ አይሠራም።

ፈረሱም መለማመድ አለበት። ሰው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ ፈረስ ደግሞ 33 ኪሎ ኸርዝ ያህል ድረስ ይሰማል። ለእኛ ጩኸት ብቻ የሆነው ማሽን ለእሱ ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችላል። ልምምዱ ቀናት ይወስዳል። መጀመሪያ ፈረሱ እየበላ ማሽኑ በሩቅ ይነሣል፤ ቀስ በቀስ ይቀርባል። በሌላ ጊዜ ደግሞ የጠፋ ማሽን ሰኮናውን እንዲነካ ይደረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሻፈረኝ ካለ በእጅ ሞረድ ይሠራለታል። ፈረስን አስሮና አስጨንቆ በግራይንደር መሥራት የሚያተርፈው ስብራት ነው።

አፍ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

የፈረስ ታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ሩብ ያህል ይጠባል። የላይና የታች ጥርሶች ሙሉ ለሙሉ ስለማይገጣጠሙ ሳይፋቁ የሚቀሩ ጠርዞች ይኖራሉ። በላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች በጉንጭ በኩል፣ በታችኞቹ ደግሞ በምላስ በኩል ስለታም ሹል ይወጣል። ሹሉ ጉንጭንና ምላስን ያቆስላል፤ ልጓም ሲገባ ሕመሙ ይብሳል። የጥርስ መሞረድ ዋና ዓላማ ይህን ሹል ማንሣት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ጥርስ በመውደቁ ወይም በመጣመሙ ያለ ልክ የረዘመ ጥርስ ይገኛል፤ እሱም ይቀነሳል።

ባለፈረሱ ችግሩን በምልክቶች ሊያውቀው ይችላል። ፈረሱ ያኘከውን ድርቆሽ በድብልብል መልክ ከአፉ ይጥላል፤ ሲያኝክ ራሱን ያዘነብላል፤ እየበላ ይከሳል፤ ፋንድያው ውስጥ ረጃጅም ያልተፈጨ ገለባ ይታያል፤ አፉ ይሸታል፤ ልጓም ሲገባለት ራሱን ይወረውራል። ከአንዱ አፍንጫ ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መውጣቱም ከጥርስ ሥር ቁስል ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

መንጋጋ ጥርሶቹ 24 ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጎን ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት። የመጨረሻው በጣም ጥልቅ ውስጥ ስላለ የእጅ ሞረድ እዚያ ደርሶ በትክክል መሥራቱ አድካሚ ነው። ለአፍ የተሠራው ማሽን ረጅም ቀጭን ክንድ አለው፤ ጫፉ ላይ አልማዝ ወይም ጠንካራ ብረት የተቀባ ትንሽ ዲስክ፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ ምላስና ጉንጭን የሚጠብቅ ሽፋን ይኖረዋል። በሠለጠነ እጅ የኋለኛውን ጥርስ በጥሩ ሁኔታ ያስተካክላል፤ በእጅ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን የረዘመ ጥርስ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፤ የሐኪሙንም ትከሻ ያድናል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ አደጋው ግን በሦስት በኩል ይመጣል።

ሙቀት፣ ጥልቀትና ደም

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በጥርሱ መሃል ነርቭና የደም ሥር የያዘ ሕያው ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዛክና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በጦጣዎች ጥርስ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የዚህ ውስጠኛ ክፍል ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር 15 በመቶ የሚሆኑት ጥርሶች ሳያገግሙ ቀርተዋል። በፈረስ ጥርስ ላይ የሚሠሩ ጥናቶችም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ቁጥር እንደ አደጋ መስመር ይይዙታል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ደረቅ ዲስክ አንድ ጥርስ ላይ በቆየ መጠን ሙቀቱ እንደሚጨምር፣ ውኃ ሲረጭ ደግሞ እንደሚቀንስ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከጥርስ ወደ ጥርስ ይዘዋወራል፤ አንዱን እስኪጨርስ አይቀመጥበትም፤ በውኃም ያቀዘቅዛል። የተቃጠለ ጥርስ ወዲያው አይታወቅም። ፈረሱ ለሥራው በተሰጠው መድኃኒት ደንዝዟልና አያማርርም፤ ጥርሱ ከወራት በኋላ ሲሞት መንሥኤው ማሽኑ መሆኑን የሚያስታውስ አይኖርም።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። እያንዳንዱ መንጋጋ ጥርስ ውስጥ ወደ ማኘኪያው ገጽ የሚወጡ ቢያንስ አምስት የሕያው ክፍል ቅርንጫፎች አሉ። በእነሱና በገጹ መካከል ያለው መከላከያ በአንዱ ጥርስ ከ2 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ በሌላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከላይ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት የረዘመ ጥርስ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በላይ አይቀነስም፤ የቀረው ከወራት በኋላ በሌላ ቀጠሮ ይሠራል። የማኘኪያው ገጽም እንዲለሰልስ አይደረግም። ገጹ ሸካራ የሆነው ሣርን ለመፍጨት ነው። እንደ መስታወት የለሰለሰ ጥርስ ለዓይን ያምራል፤ ፈረሱ ግን ገለባ መፍጨት ያቅተዋል።

ሦስተኛው ደም ነው። በላንቃው ላይ፣ ከላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ጎን ለጎን ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። ዲስክ ሸርተት ብሎ ይህን ቢቆርጥ ደሙን ማቆም ለሐኪምም ፈተና ነው።

ማን ይሥራው?

አንድ ፈረስ ከአፉ መክፈቻ ጋር፣ ከሚጮህ ማሽን ጋር ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጉልበት መያዝ አይቻልም፤ መድኃኒት ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ዛይላዚን ወይም ዴቶሚዲን የሚባሉ የሚያፈዝዙ መድኃኒቶች ናቸው። መጠናቸው በእንስሳው ክብደትና በልቡ ሁኔታ ይወሰናል፤ ስለዚህ የሚሰጣቸው የእንስሳት ሐኪም ነው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው ፈረሱ መብላት የለበትም፤ ፈዞ የሚውጠው መኖ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

በእንግሊዝ ለእግር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ አለ፤ ፈረስን ጫማ ማልበስም ሆነ እግሩን ለጫማ ማዘጋጀት የተመዘገበ ባለሙያ ሥራ ነው። በአፍ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ መነሻ ነው። የሙያው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሰው የእጅ ሞረድንና ሞተር ያለውን መሣሪያ ለያይቶ ያስቀምጣል። ለሁለተኛው ከፍ ያለ ሥልጠናና ፈተና ይጠይቃል፤ ሥራውም ሹል ለማንሣትና ርዝማኔ ለመቀነስ የተገደበ ነው። አገሩ ፈረስን የሚንከባከብበት ገንዘብም ባለሙያም ሳይቸግረው እንዲህ ማጥበቁ ማሽኑን ምን ያህል በቁም ነገር እንደሚያየው ያሳያል።

በእኛ አገር

በኢትዮጵያ አብዛኛው ፈረስ፣ በቅሎና አህያ የሥራ እንስሳ ነው፤ ጋሪ ይጎትታል፣ ይጫናል፣ ይጋለባል። በአስፋልትና በጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውል ጫማ የሌለው የጋሪ ፈረስ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ሊበላ ይችላል። እንዲህ ያለውን ግራይንደር ማስነካት ያለችውን መቀነስ ነው። ሰኮናቸው ያለ ልክ የሚረዝመው በአብዛኛው ለስላሳ መሬት ላይ የሚቆሙና ጥቂት የሚሄዱ እንስሳት ናቸው፤ ለእነሱም ቢሆን ስለታም ቢላ፣ ጥሩ ጉጠትና ያልደነዘዘ ሞረድ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም እነዚህ አይቋረጡም።

ሌላው ጉዳይ ንጽሕና ነው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው በቁስል በኩል የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ይጎዳል። ደም የነካ ቢላ፣ ሞረድ ወይም ዲስክ ሳይጸዳ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው መሄድ የለበትም። የእጅ ሞረድ ታጥቦ በፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ይነከራል። የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ግን በደንብ አይጸዳም፤ ደም ከነካው ይጣላል።

ባለሙያ ማሽን ይዞ ከመጣልዎ ሥራውን ከማስጀመርዎ በፊት ጥቂት ጥያቄ ይጠይቁ። በእጅ ሞረድ መሥራት ይችላል? የሚያፈዝዘውን መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪም ነው? አፉን ከፍቶ በመብራትና በመስታወት አይቶ፣ በጣቱም ዳስሶ ነው የሚጀምረው? ጥርሱን በምን ያቀዘቅዛል? ስንት ሚሊ ሜትር ሊያነሣ አስቧል? የመጨረሻውን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ያልቻለ ሰው የፈረስዎን አፍ አይንካ።

ለባለፈረስ የሚበጀው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ሰኮናውን በየቀኑ ያጽዱ፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ያሳዩት። አፉን በዓመት አንድ ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ፤ የወተት ጥርሱን የሚቀይረውን ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለውን ፈረስ ደግሞ ሁለት ጊዜ። የት እንደሚሄዱ ካላወቁ ከወረዳዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጀምሩ፤ በቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርባችሁ ነው። ለማሽን መግዣ ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ ለዚህ ምርመራ ያውሉት።